ሃያ አንድ ቀን በሃያ አንድ ቀን፦ የጡት ካንሰር ጥምር ኬሞቴራፒና የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አያያዝ

ጥምር ኬሞቴራፒ የካንሰርን ሴል በተለያየ መንገድ የሚያጠቁ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒቶች በአንድነት ወይም በተከታታይ የሚሰጡበት ሕክምና ነው። መሠረቱም አንዱን መድኃኒት ተቋቁሞ ያመለጠ ሴል ከሌላው ላያመልጥ ይችላል፤ የመድኃኒቶቹም ጉዳት በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ እንዳይደራረብ አድርጎ ማጣመር ይቻላል የሚል ስሌት ነው። ይህ ስሌት በጡት ካንሰር ላይ በግልጽ ከታየባቸው ቀደምት ጥናቶች አንዱን በጣሊያኗ ሚላኖ ከተማ ጃኒ ቦናዶና የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ጀምረው ውጤቱን በ1976 አሳተሙ። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ካንሰሩ ወደ ብብት የሊምፍ ዕጢዎች ለደረሰባቸው ሴቶች ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል የተባሉት ሦስት መድኃኒቶች፣ በምህጻር ሲኤምኤፍ የሚባሉት፣ ሲሰጧቸው በሽታው የሚመለስባቸው ሴቶች ቁጥር ቀነሰ።

ከዚያው ጥናት የተገኘ ሌላ ግኝት ለታካሚዎች እጅግ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ቦናዶናና ባልደረባቸው ፒኑቺያ ቫላጉሳ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ትንተና፣ ከታቀደላቸው መጠን ቢያንስ 85 ከመቶውን የወሰዱት ሴቶች ከሁሉ የተሻለ ውጤት ሲያገኙ፣ ከ65 ከመቶ በታች የወሰዱት ግን ኬሞቴራፒ ጨርሶ ካልተሰጣቸው ሴቶች ብዙም ያልተለየ ውጤት ነበራቸው። ወደ ኋላ ተመልሶ የተሠራ ትንተና ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ ባይሆንም፣ ሙሉውን መጠን በጊዜው መጨረስ የሕክምናው ግማሽ መሆኑን አሳይቷል። ዙር የሚያስዘልል፣ መጠን የሚያስቀንስና ታካሚዋን ከመንገድ የሚመልሳት ደግሞ በአብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ስለዚህ የጎንዮሽ ጉዳትን አስቀድሞ ማወቅና መቆጣጠር ከምቾት ያለፈ፣ ሕይወት የሚወሰንበት ጉዳይ ነው። ጉዳቶቹም አብዛኞቹ ቀን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም ይህንኑ የቀን ቅደም ተከተል ይከተላል።

እርምጃ አንድ፦ ከመጀመሪያው ዙር በፊት የሚጠናቀቁ ጉዳዮች

ታካሚዋ በመጀመሪያ ማግኘት ያለባት የባዮፕሲዋን ሙሉ ውጤት ነው፤ ባዮፕሲ ማለት ከዕጢው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ ነው። ውጤቱ ካንሰር መሆኑን ብቻ የሚናገር ከሆነ ገና ግማሽ ነው። ሴሎቹ ለኢስትሮጅንና ለፕሮጄስቴሮን ሆርሞኖች ተቀባይ እንዳላቸውና ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በብዛት እንዳለባቸውም መገለጽ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ኬሞቴራፒ የሚያስፈልጋት መሆን አለመሆኑም ሆነ ከኬሞቴራፒው ሌላ የሚጨመርላት መድኃኒት የሚወሰነው በእነዚህ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ትንሽና ወደ ብብት ያልደረሰ ካንሰር ያለባት ሴት አንዳንዴ ያለ ኬሞቴራፒ በሆርሞን ሕክምና ብቻ ልትታከም ትችላለች።

ሐኪሙ ሊጠየቅ የሚገባው ቀጣይ ጉዳይ የሕክምናው ዓላማ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጥ ኬሞቴራፒ ዕጢውን ለማሳነስና ለቀዶ ሕክምና ለማመቻቸት ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው በዓይን የማይታዩ ቅሪት ሴሎችን ለማጥፋት ነው፤ በሽታው ወደ ሌላ አካል ከተዛመተ ደግሞ ዓላማው ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን መቀነስ ይሆናል። በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ በመሆኑ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ በስፋት የሚሠራበት ነው፤ ቢላዋ ሳይቀድም መድኃኒት የታዘዘላት ታካሚም ቸል የተባለች ሊመስላት አይገባም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ከሆነ ግን ቁስሉ እንደዳነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ ከሦስት ወር በላይ መዘግየቱ ውጤቱን እንደሚጎዳ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ቀጥሎ ምርመራዎቹ ይመጣሉ። የደም ሴሎች ቆጠራ፣ በሆስፒታሎች ሲቢሲ እየተባለ የሚጠራው፣ ከጉበትና ከኩላሊት ምርመራ ጋር ይሠራል፤ ዶክሶሩቢሲን ከመሰጠቱ በፊትም ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ የልብ ጉልበት ይለካል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ሊዘለል የማይገባው ነው፤ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረባት ሴት የመከላከል አቅሟ በኬሞቴራፒ ሲዳከም ቫይረሱ ሊነሣባትና ጉበቷን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል፤ አስቀድሞ ከታወቀ ግን በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን መከላከል ይቻላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴትም ይህንኑ ለካንሰር ሐኪሟ መንገር ይኖርባታል፤ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት ጊዜ ስላለ ይስተካከላል እንጂ ኬሞቴራፒው አይከለከላትም።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚወሰደው በየሦስት ወሩ የሚሰጥ መርፌና በክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ሆርሞን ያላቸው በመሆናቸው የጡት ካንሰር ላለባት ሴት አይመከሩም፤ በሌላ በኩል በኬሞቴራፒ ወቅት ማርገዝ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ለፅንሱ አደገኛ ነው። ስለዚህ የተቀበረው እንዲወጣ ተደርጎ ሆርሞን በሌለው ሉፕ ወይም በኮንዶም መተካት አለበት። ወደፊት መውለድ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ይህን ከመጀመሪያው ዙር በፊት መናገር ይጠበቅባታል፤ መድኃኒቶቹ እንቁልጢን በተለይ ዕድሜ ሲገፋ ያደክማሉ፣ ጎሰሬሊን የተባለው እንቁልጢን የሚያሳርፍ መርፌም ጥቅም የሚሰጠው ቀድሞ ሲጀመር ነው።

በተለይ ለኢትዮጵያውያንና በውጭ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚነሣ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል። ከደም ሴሎች መካከል ባክቴሪያን የሚዋጉት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ብዙ ሰዎች ግን በዘር በሚተላለፍ ዳፊ በተባለ የደም ምድብ ምክንያት በደም ሥራቸው የሚዞሩት ኒውትሮፊሎች ቁጥር ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ነው፤ መቅኒያቸው ግን ጤነኛ ነው፣ ለበሽታም ከሌላው የበለጠ አይጋለጡም። ይህ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም የታየ ነው። አንዲት ሴት ከተፈጥሮዋ ቁጥሯ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ የአውሮፓውያንን መለኪያ ብቻ በሚያውቅ ሐኪም ዘንድ ከሄደች ዙሯ ያለ በቂ ምክንያት ሊዘገይባት፣ መጠኑም ሊቀነስባት ይችላል። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ከመታመሟ በፊት ለወሊድም ይሁን ለሌላ ጉዳይ የተሠራ አሮጌ የደም ምርመራ ውጤት ካለ ተፈልጎ ለሐኪሙ መቅረብ አለበት። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የምትታከም ኢትዮጵያዊት ይህን በቀጥታ ብትጠይቅ ያምርባታል እንጂ አይነወርባትም።

እርምጃ ሁለት፦ መድኃኒቶቹንና መጠናቸውን ማወቅ

የጥምር መድኃኒቶች ዓይነት ብዙ ቢሆንም በብዙ አገሮች በስፋት ከሚታዘዙት አንዱ ኤሲ-ቲ የሚባለው ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በአንድ ቀን ይሰጣሉ፤ ይህ በየ21 ቀኑ አራት ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያም ፓክሊታክሰል በየ21 ቀኑ አራት ጊዜ ወይም በትንሽ በትንሹ በየሳምንቱ 12 ጊዜ ይሰጣል። ከአንዱ መርፌ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ዙር ይባላል። የመጀመሪያው መርፌ ማክሰኞ ከተሰጠ ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ይሆናል፤ ይህ ቀን በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካሌንደር ምልክት ቢደረግበት ለታካሚዋም ለአስታማሚዋም ይበጃል።

ዶክሶሩቢሲን በመጀመሪያ የተገኘው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ሲሆን ዘረ መልን በመያዝ ሴሉ እንዳይከፈል ያደርጋል። ቀለሙ ቀይ በመሆኑ ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንትን ያቀላዋል፤ ይህ ደም አይደለም። ሳይክሎፎስፋማይድ ዘረ መልን የሚያቆራኝ መድኃኒት ነው፤ ትርፉ በሽንት ሲወጣ የሽንት ፊኛን ሊያቆስል ስለሚችል ብዙ ውኃ መጠጣት የግድ ነው። ፓክሊታክሰል ደግሞ መነሻው የዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ ሴሉ ሲከፈል የሚዘረጋውን ውስጣዊ አውታር አጠንክሮ ያስረዋል፤ ከነርቭ ጋር የሚጣላውም ነርቭ በዚሁ ዓይነት አውታር ስለሚኖር ነው።

መጠኑ የሚሰላው በሰውነት ገጽ ስፋት ነው። ቁመት በሴንቲ ሜትር በክብደት በኪሎ ግራም ተባዝቶ ለ3600 ይካፈልና የውጤቱ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፤ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 58 ኪሎ ግራም የሆነ ሴት 1.6 ካሬ ሜትር ገደማ ትሆናለች ማለት ነው። የተለመደው የዶክሶሩቢሲን መጠን በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም፣ የሳይክሎፎስፋማይድ ደግሞ 600 ሚሊ ግራም በመሆኑ ለእርሷ 96 እና 960 ሚሊ ግራም ይደርሳታል። ታካሚዋ ይህን ራሷ እንድታሰላ አይጠበቅባትም፤ ነገር ግን በየዙሩ መመዘን እንዳለባት ትረዳበታለች፤ ክብደቷ በብዙ ከቀነሰ ወይም ከጨመረ መጠኑም እንደገና መሰላት አለበትና።

መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ ማምጣት የተለመደ በሆነበት ሁኔታ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ዙር በፊት የሁሉንም ዙሮች አቅርቦት ማረጋገጥ ይበጀዋል፤ ሦስተኛው ዙር ሲደርስ መድኃኒት ፍለጋ መዞር ዙር ያስዘልላልና። የሚገዛውም ደረሰኝ ከሚሰጥ ሕጋዊ መድኃኒት ቤት ብቻ መሆን አለበት። ፈሳሽ ሆኖ የተዘጋጀ ዶክሶሩቢሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ፍሪጅ የሚቀመጥ በመሆኑ በሻንጣ ለቀናት የተጓዘ መድኃኒት አስተማማኝ አይሆንም።

እርምጃ ሦስት፦ የመርፌው ዕለት

ታካሚዋ በባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልጋትም፤ ቀለል ያለ ቁርስ በልታ፣ እጅጌው በቀላሉ የሚጠቀለል ልብስ ለብሳና አንድ አስታማሚ ይዛ ብትሄድ ይመረጣል። የብብት ዕጢዎች በወጡበት ጎን ያለው ክንድ ለመርፌ አይመረጥም፤ ነርሷ ካላስታወሰች ታካሚዋ ማስታወስ ትችላለች። ማስመለስን የሚከላከሉት መድኃኒቶች የሚሰጡት ከኬሞው በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ማቆሙ አስቀድሞ ከመከላከል ይልቅ እጅግ ይከብዳልና።

ዶክሶሩቢሲን ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቃጥላል፤ ቁስሉም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም መርፌው በተተከለበት ቦታ ማቃጠል፣ መውጋት ወይም ማበጥ ከተሰማ በዚያው ቅጽበት መናገር ያስፈልጋል። ነርስ ላለማስቸገር ብሎ ችሎ መቀመጥ በዚህ ጊዜ ጨዋነት አይሆንም። መድኃኒቱ እየተሰጠ በረዶ መምጠጥም የአፍ ቁስለትን ሊቀንስ ይችላል።

ቤት ከተመለሰች በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል ሽንት፣ ዓይነ ምድርና ትውከት የመድኃኒት ቅሪት ስላለባቸው የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፤ የተበከለ ልብስና አንሶላም ለብቻው ይታጠብ። ከዚህ ውጭ ኬሞ የሚጋባ ነገር አይደለም፤ ከታካሚዋ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት፣ ልጆቿን ማቀፏም ሆነ መሳሟ ማንንም አይጎዳም። ለብቻዋ ሳህን የሚያቀርቡላት ቤተሰቦች ሳያውቁት የሚያቆስሏት በማይገባ ቦታ ነው።

እርምጃ አራት፦ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ማቅለሽለሽ

ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በአንድነት ሲሰጡ ኃይለኛ ማስመለስ ከሚያመጡት መድኃኒቶች ይመደባሉ። ማቅለሽለሹ በሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ። የሁለተኛው መድኃኒት ሌላ በመሆኑ ታካሚዋ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሆና ብትውልም የታዘዘላትን ክኒን ማቋረጥ አይገባትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዙት ኦንዳንሴትሮን፣ ዴክሳሜታሶን፣ አፕሬፒታንትና ኦላንዛፒን ናቸው። ዴክሳሜታሶን እንቅልፍ ስለሚነሣ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነች የደም ስኳሯን ስለሚያንረው በየቀኑ ትለካለች። ኦላንዛፒን በአእምሮ ሕክምናም የሚታወቅ በመሆኑ ወረቀቱን ያነበበ ቤተሰብ ሊደነግጥ ይችላል፤ እዚህ የታዘዘው ግን በአነስተኛ መጠንና ለጥቂት ቀናት ማቅለሽለሽን ለማስቆም ነው፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይዋጣል።

ኦንዳንሴትሮን ለአንዳንድ ኢትዮጵያውያን በሚገባ ላይሠራ ይችላል። ይህን መድኃኒት በከፊል የሚሰባብረው ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ደራርበው የያዙ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም በአብዛኞቹ የዓለም ሕዝቦች ከሚታየው በብዙ የሚበልጥ ነው። መድኃኒቱ በፍጥነት ስለሚሰባበርባቸው ኃይሉ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ኦንዳንሴትሮን በትክክል ወስዳ ያስመለሳት ሴት ሰውነቴ ኬሞ አይችልም ብላ መደምደም የለባትም፤ ለሐኪሟ ነግራ በግራኒሴትሮን ወይም በሌላ መድኃኒት እንዲተካላት ማድረግ ትችላለች። ይህ በመጀመሪያው ዙር ካልተስተካከለ ገና የሆስፒታሉ በር ሲታይ የሚጀምር ማቅለሽለሽ ሥር ይሰድዳል፤ እሱን ማከም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

ምግብን በተመለከተ ከሦስት ትልልቅ ማዕድ ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይሻላል። አጥሚት፣ ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ ለዚህ ጊዜ ይስማማሉ፤ የሚበስል ወጥ ሽታ የሚያስጠላት ከሆነ ምግቡ ከእርሷ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ቀዝቀዝ ብሎም ይቅረብላት። በጾም ወቅት ሕክምና ላይ ያለች ኦርቶዶክሳዊት ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመክር ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ታዝናለች፤ ለሙስሊም ታማሚም የረመዳን ጾም በሕመም ምክንያት የሚቆይ ነው። ውኃም ሆነ ምግብ በሆዷ የማይቆይላትና ከ24 ሰዓት በላይ የሚያስመልሳት ሴት ወደ ሆስፒታል መመለስ አለባት።

እርምጃ አምስት፦ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ትኩሳት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ለሚችል አንባቢ የሚያዘው ይህ ክፍል ይሁን። ኬሞቴራፒ ፈጥነው የሚከፋፈሉ ሴሎችን ሲያጠቃ መቅኒንም ያጠቃል፤ በዚህም ነጭ የደም ሴሎች ቀስ በቀስ ያንሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ዝቅተኛ ደረጃቸው ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ተነሥተው በ21ኛው ቀን ይመለሳሉ። ማክሰኞ መርፌ የተሰጣት ሴት አደገኛው ጊዜዋ ከሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ እስከ ቀጣዩ ሰኞ ያለው ነው። በእነዚህ ቀናት በሌላ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው ተራ ባክቴሪያ ደምን መርዞ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የመከላከያ ሴሎች ስለሌሉ መግል አይቋጥርም፣ እብጠትና መቅላትም ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ነው።

ስለዚህ በቤት ውስጥ ቴርሞሜትር መኖር አለበት። 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ወይም ቁጥሩ ባይደርስም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። ፓራሲታሞል ውጦ መጠበቅ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ በሽታውን ይሸፍናል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ትኩሳቱ ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ እየታሸ፣ ወይም ሰፈር ውስጥ ባለ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ ክኒን እየተዋጠ ሁለት ሦስት ቀን የሚባክነው ነው። ወባ ባለበት አካባቢ የወባ ምርመራ መደረጉ ተገቢ ቢሆንም የምርመራው ውጤት እስኪመጣ አንቲባዮቲኩ አይቆይም፤ የሕክምና መመሪያዎች አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሆስፒታል በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ያዛሉ።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነው ሐኪም የካንሰር ሐኪም ላይሆን ይችላል። ለዚህም ታካሚዋ የመድኃኒቶቹ ስም፣ መርፌው የተሰጠበት ቀንና የሚከታተላት ሆስፒታል የተጻፈበት ወረቀት ሁልጊዜ በቦርሳዋ ልትይዝ ይገባል፤ አስታማሚውም በር ላይ ሲደርስ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚናገረው «ኬሞ ላይ ናት፣ መርፌ ከተሰጣት ይህን ያህል ቀን ነው፣ ትኩሳት አላት» የሚለውን ይሁን። ተራ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም።

የመኖሪያዋ ርቀትም ከዚሁ ጋር ይታሰባል። ከገጠር ለሕክምና የመጣች ሴት መርፌ በተሰጣት ማግስት ወደ ቀዬዋ ብትመለስና በ11ኛው ቀን ትኩሳት ቢይዛት ሆስፒታል ለመድረስ አንድ ቀን የሚፈጅባት ከሆነ፣ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ሆስፒታል ባለበት ከተማ በዘመድ ቤት ወይም ለካንሰር ሕሙማን ማረፊያ በሚሰጡ ማኅበራት ዘንድ መቆየቷ ይመረጣል። በአዲስ አበባ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ የቆየው የካንሰር ሕክምና እንደ ጅማ፣ ጎንደርና ሐዋሳ ባሉ ከተሞችም መስፋፋቱ ይህን ርቀት ለብዙዎች አሳጥሯል፤ ሊታሰብ የሚገባውም ከስሙ ይልቅ ቅርበቱ ነው።

መከላከሉ በእጅ መታጠብ ይጀምራል። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የወጣ አይብ፣ በሚገባ ያልታጠበ ሰላጣ በሕክምናው ወራት ይቅር፤ ከዚህ አልፎ ጥሬ አትክልትንና ፍራፍሬን ሁሉ የሚከለክል ጥብቅ አመጋገብ ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ታካሚዋን ከማክሳት በቀር። በእነዚሁ ቀናት ሰው የበዛበት ለቅሶ ቤት አለመሄዷ ጎረቤት ሊረዳላት ይገባል፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂም በስልክ ቢጠይቃት ይሻላል። ጸበል የምትጠመቅና የምትጠጣ ሴት ውኃው ንጹሕ መሆኑን ታረጋግጥ፤ ቁስል ወይም በደም ሥሯ የቀረ ካኑላ ካላት መጠመቁን ቁስሉ እስኪደርቅ ታቆየው፤ በምንም ምክንያት ግን ቀጠሮዋን አታስተጓጉል። የባህል መድኃኒት መጠጣት የኬሞውን ኃይል ሊለውጥና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በሕክምናው ወቅት ሊቆም ይገባዋል።

ነጭ የደም ሴሎችን ለማነሣሣት ፊልግራስቲም የተባለ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ ሊታዘዝ ይችላል፤ የሚጀመረው ኬሞው ከተሰጠ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። በአጥንት ውስጥ የሚሰማ ሕመም ያመጣል፤ ይህም መቅኒው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። መርፌው ሳይሞቅ፣ ወደ በረዶነትም ሳይለወጥ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ መጓጓዝ አለበት።

እርምጃ ስድስት፦ አፍ፣ ጸጉር፣ ድካም

የአፍ ቁስለት አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ በኋላ ይታያል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ ይረዳል፤ አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ፣ ሚጥሚጣና በርበሬ ግን ያባብሱታል። ጥርስ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ይጽዳ።

ጸጉር ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ይረግፋል፤ ቅንድብና ሽፋሽፍትም ሊከተሉ ይችላሉ። በዚህ አንባቢን የሚያጽናና ቃል መደርደር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ሴቶች ከጡታቸው መወገድ ይልቅ ይህ ይከብዳቸዋል፤ ሕመማቸውን ለማንም ያልተናገሩ ሴቶችን የሚያጋልጣቸው ይህ ነውና። ሳይረግፍ አስቀድሞ በአጭሩ መቆረጥ ድንጋጤውን ይቀንሰዋል፤ ሻሽና ዊግ ቀድመው ይዘጋጁ። ሕክምናው ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ መጀመሪያ ላይ ጠምዘዝ ያለ ወይም ቀለሙ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ድካሙ በየዙሩ እየተደራረበ ይመጣል፤ ሙሉ ቀን መተኛት ግን ያባብሰዋል፤ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ በእግር መሄድ እንደሚያቀልለው ታውቋል። ቤቱን የምታስተዳድር ሴት የእንጀራ መጋገሩንና ውኃ መቅዳቱን ለሌላ ማስተላለፍ ይኖርባታል፤ ይህንንም እርሷ እስክትጠይቅ ቤተሰቡ መጠበቅ አይገባውም።

እርምጃ ሰባት፦ ወደ ቀጣዩ ዙርና ወደ ፓክሊታክሰል መሻገር

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሲቢሲ ይሠራል። በተለመደው መለኪያ ኒውትሮፊል በማይክሮ ሊትር 1500፣ ፕላትሌት ደግሞ 100,000 ሲደርስ መርፌው ይሰጣል፤ ካልደረሰ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ይራዘማል። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የዳፊ ጉዳይ የሚነሣውም በዚህ ቀን ነው።

ፓክሊታክሰል ሲጀመር የጉዳቶቹ መልክ ይለወጣል። ማቅለሽለሹ ይቀላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ አለርጂ ስለሚቀሰቅስ አስቀድሞ ዴክሳሜታሶንና የአለርጂ መከላከያ መርፌ ይሰጣል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጊዜ፣ መፍሰስ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ፣ የደረት መጨነቅ፣ የፊት መቅላት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ነርሷን በጩኸትም ቢሆን መጥራት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ይኖራል፤ በጥቂት ቀናትም ይሄዳል።

የሚቆየው የነርቭ ጉዳት ነው። በጣቶችና በእግር ጫፎች በመደንዘዝና በመውረር ይጀምራል፤ ታካሚዋ ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ መያዝ ወይም ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ መለየት ካቃታት ጉዳቱ ገፍቷል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ከተነገረ መጠኑ ይስተካከላል፤ ከተደበቀ ግን ለዓመታት ሊቀር ይችላል። የደነዘዘ ጣት እሳት አይሰማውምና ምጣድ፣ ከሰልና የፈላ ውኃ በሌላ ሰው እጅ ይያዙ፤ በባዶ እግር መሄድም ይቅር።

እርምጃ ስምንት፦ የመጨረሻው ዙር ካለፈ በኋላ

ሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር የነበረባት ሴት ታሞክሲፈን የምትጀምረው ኬሞው ካበቃ በኋላ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሰጡ ውጤቱ እንደሚያንስ ታይቷል። ይህ ክኒን ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚዋጥ በመሆኑ ኬሞ ጨርሻለሁ ብሎ ከቀጠሮ መቅረት የሕክምናውን ትልቅ ክፍል መጣል ይሆናል። ጨረር የታዘዘላትም ከዚህ በኋላ ትቀጥላለች። ወር አበባ ለወራት ሊቀር፣ ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ ከሆነም ጨርሶ ላይመለስ ይችላል፤ መቅረቱ ግን አታረግዝም ማለት ስላልሆነ መከላከያው ይቀጥላል።

ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊያደክም የሚችለው ከዓመታት በኋላም በመሆኑ በሕይወት ዘመን የሚወሰደው ድምር መጠን ወሰን አለው፤ ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር ካለፈ አደጋው በፍጥነት ይጨምራል። አራት ዙር የወሰደች ሴት የደረሰባት 240 ነው። በሽታው ቢመለስና ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ያ ሐኪም ምን ያህል እንደቀራት የሚያውቀው ከጽሑፍ ብቻ ነው፤ እግሯ አብጦ ወይም ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድም መርማሪው ልቧን እንዲጠረጥር የሚያደርገው ይኸው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ታካሚዋ የመጨረሻውን መርፌ በወሰደችበት ዕለት የመድኃኒቶቹን ስም፣ የዙሮቹን ብዛት፣ የዶክሶሩቢሲኑን ድምርና የመጨረሻውን የኢኮ ውጤት የያዘ ማጠቃለያ ወረቀት ከሐኪሟ ጠይቃ ተቀብላ፣ አንዱን ቅጂ በእጇ፣ አንዱን ለታመነ የቤተሰብ አባል ሰጥታ፣ በስልኳም ፎቶ አንሥታ ታስቀምጠው።